ማየትና መታየት፦ ብስክሌተኛና ሹፌር በምሽት መንገድ ላይ

መግቢያ

ባሕር ዳር ሜዳማ ከተማ ናት። ተማሪውም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም ሳይክል ይነዳባታል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለብስክሌትና ለእግረኛ የሚሆን የራሱ መስመር አለው። ከድልድዩ ወርደን ወደ ከተማው የውስጥ መንገዶች ስንገባ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከባጃጅ፣ ከሚኒባስና ከከባድ መኪና ጋር አንድ አስፋልት እንጋራለን።

እኔም ሳይክል ነጂ ነኝ። ማታ ከትምህርት ስንመለስ ያለ መብራት የሚነዱ ጓደኞቼን «ለምን መብራት አትገጥሙም?» ብዬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ «መንገዱ እኮ ይታየኛል፣ መብራት ምን ያደርግልኛል?» ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው መልስ ነው። ምክንያቱም መልሱ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ ያደርጋል። አንደኛው «እኔ አያለሁ ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ሹፌሩ እኔን ያየኛል ወይ? ቢያየኝስ ለማቆም የሚበቃ ርቀት ይኖረዋል?» የሚል ነው። ሰው በጨለማ ሲሄድ የሚመጣውን መኪና ቁልጭ አድርጎ ስለሚያይ ሹፌሩም እሱን እንደዚያው የሚያየው ይመስለዋል። ስለዚህ በፊዚክስ ዲፓርትመንት በተማርነው ቀላል ስሌት ነገሩን አብረን እንመርምረው።

ሁለቱ ርቀቶች

አንድ ሹፌር አደጋ አይቶ እስኪያቆም ድረስ መኪናው ሁለት ርቀቶችን ይጓዛል። የመጀመሪያው ሹፌሩ አይቶ፣ አስቦ፣ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ የሚጓዘው ነው። ለዚህ 1.5 ሰከንድ እንውሰድ። ሁለተኛው ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚጓዘው ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ጥሩ ፍሬን የመኪናውን ፍጥነት በየሰከንዱ በ7 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል ብለን እናስላ።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 13.9 ሜትር ነው። ሹፌሩ ገና ፍሬን ሳይነካ 21 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፍሬኑ ደግሞ 14 ሜትር ይፈልጋል። ድምሩ 35 ሜትር ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ድምሩ 17 ሜትር ተኩል ብቻ ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ግን 45 ሜትር ይደርሳል። ዝናብ ዘንቦ የፍሬኑ ጉልበት ወደ 4 ሲወርድ፣ በ50 ኪሎ ሜትር የሚሄደው መኪና 45 ሜትር፣ በ60 የሚሄደው ደግሞ 60 ሜትር ያስፈልገዋል።

አሁን ይህን ከመታየት ርቀት ጋር እናወዳድረው። በስካንዲኔቪያ ሀገሮች የመንገድ ደኅንነት ትምህርት ውስጥ በተደጋጋሚ የሚጠቀስ ቁጥር አለ፦ ጥቁር የለበሰ ሰው በመኪና አጭር መብራት የሚታየው ከ25 እስከ 30 ሜትር ላይ ነው። አንፀባራቂ ያደረገ ሰው ግን ከ130 ሜትር ገደማ ጀምሮ ይታያል።

እንግዲህ ልዩነቱን ተመልከቱት። በ50 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ሹፌር አንድን ብስክሌተኛ መንገድ ሲያቋርጥ በ30 ሜትር ላይ ቢያየው፣ 21ዱ ሜትር በምላሽ ጊዜ ያልቃል። ለፍሬን የሚቀረው 9 ሜትር ብቻ ነው። ስሌቱን ጨርሰን ስንሠራው መኪናው ብስክሌተኛው ጋ ሲደርስ ገና በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ይኖረዋል። ያየው በ25 ሜትር ላይ ከሆነ ደግሞ በ42 ኪሎ ሜትር ይመታዋል። ይህ ሹፌር አልሰከረም፣ አልፈጠነም፣ ስልክም አልነካም። ግን ጊዜ አልነበረውም። በ130 ሜትር ላይ ቢያየው ኖሮ ከ9 ሰከንድ በላይ ይኖረው ነበር። በ30 ሜትር ግን ያለው 2 ሰከንድ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከመኪናው ጋር በአንድ አቅጣጫ የምንነዳ ከሆነ መኪናው ወደ እኛ የሚቀርበው በ35 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው። በተቃራኒ አቅጣጫ የምንነዳ ከሆነ ግን በ65 ነው። «መኪናውን ፊት ለፊት እያየሁ ብነዳ ይሻለኛል» የሚሉ ጓደኞች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። የሹፌሩን ጊዜ በግማሽ ያህል እየቀነሱት ነው።

ዓይናችን ሲመሽ

ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ድንግዝግዙ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ይጨልማል። ይህ ደግሞ ሠራተኛው ከሥራ የሚወጣበት፣ የማታ ተማሪው ወደ ትምህርት የሚሮጥበት ሰዓት ነው።

በድንግዝግዝ ጊዜ ዓይናችን ይታለላል። ቼካዊው ሳይንቲስት ያን ፑርኪንየ እ.ኤ.አ. በ1819 እንዳስተዋለው፣ ብርሃን ሲቀንስ ቀይ ቀለም ቶሎ ይጠቁራል፤ ሰማያዊና አረንጓዴ ግን ከእሱ በተሻለ ፈክተው ይቆያሉ። ምክንያቱ ዓይናችን በቀን የሚጠቀምባቸው ሴሎችና በጨለማ የሚጠቀምባቸው ሴሎች የተለያዩ መሆናቸው ነው። ስለዚህ በቀን ዓይን የሚስበው ቀይ ሹራብ ሲመሽ ከጥቁር ብዙም አይለይም።

ነጭስ? ነጭ ልብስ ከጥቁር እጅግ ይሻላል። ሌሊት ነጠላቸውን ለብሰው ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ እናቶች ጥቁር ጃኬት ከለበሰ ተማሪ ቀድመው ይታያሉ። ነገር ግን ነጭ ጨርቅ የተቀበለውን ብርሃን ወደየአቅጣጫው ነው የሚበትነው። ወደ ሹፌሩ ዓይን የሚመለሰው ጥቂቱ ብቻ ነው። የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱት ደማቅ ቢጫ ሰደርያም ቢሆን በቀንና በድንግዝግዝ ነው ጉልበቱ፤ ድምቀቱን የሚያገኘው በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለውን የማይታይ ጨረር ወደሚታይ ብርሃን በመለወጥ ስለሆነ ነው። ማታ የሚሠራው ሰደርያው ላይ የተሰፋው ብርማ አንፀባራቂ ጥብጣብ ነው።

ፀሐይ ከመጥለቋ በፊትም ችግር አለ። ዝቅ ያለች ፀሐይ አቧራ በያዘ መስታወት ላይ ስታርፍ ሹፌሩን ታሳውረዋለች። ጥላችሁን ተመልከቱ። ጥላችሁ ረዝሞ ከኋላችሁ ከወደቀ እናንተም ከኋላችሁ የሚመጣው ሹፌርም ፊታችሁን ወደ ፀሐይ አዙራችኋል ማለት ነው። ጥላችሁ ከፊታችሁ ከሆነ ደግሞ የታወረው ከፊት ለፊት የሚመጣው ነው።

አንፀባራቂ እንዴት ይሠራል?

ተራ መስታወት ብርሃንን በመጣበት ማዕዘን ልክ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወረውራል። ሦስት መስታወቶችን ግን እንደ ክፍል ጥግ እርስ በርሳቸው ቀጥ ባለ ማዕዘን ብናጋጥማቸው፣ የገባው ጨረር ሦስቱንም ነክቶ ወደመጣበት አቅጣጫ ይመለሳል። የሳይክላችን የኋላ ቀይ ፕላስቲክ ውስጥ ጠጋ ብላችሁ ብታዩ የዚህ ዓይነት ጥቃቅን ጥጎች ተደርድረው ታገኛላችሁ። አፖሎ 11 እ.ኤ.አ. በ1969 ጨረቃ ላይ ትቶት የመጣው የሌዘር አንፀባራቂም በዚሁ ሕግ የሚሠሩ 100 ፕሪዝሞች አሉት። ሌሊት በመኪና መብራት የሚያበራው የጅብ ዓይንም ብርሃንን ወደመጣበት መመለሱ ነው።

የሹፌሩ ዓይን ከመኪናው መብራት ብዙ ስለማይርቅ የሚመለሰው ብርሃን እሱ ጋ ይደርሳል። እስቲ ሞክሩት። ጨለማ ውስጥ ከሳይክል 10 እርምጃ ራቁና የስልካችሁን መብራት ከዓይናችሁ አጠገብ ይዛችሁ አንፀባራቂውን አብሩበት። ቦግ ይላል። ከዚያ እጃችሁን ወደ ጎን ዘርጉና ስልኩን አርቁት፤ አንፀባራቂው ሲደበዝዝ ታያላችሁ።

ይህ ሙከራ የአንፀባራቂን ድክመትም ያሳያል። የመኪናው መብራት ካላረፈበት አይሠራም። ከጎን መንገድ ብቅ የሚል ባጃጅ መብራቱ እኛ ላይ የሚያርፈው እጅግ ዘግይቶ ነው። ክረምት ላይ ጭቃ፣ በጋ ላይ አቧራ ከሸፈነውም ያው የለም ማለት ነው። በጨርቅ ጠረግ ማድረግ የማያስከፍል ሥራ ነው።

ሌላው የት ይደረግ የሚለው ነው። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጉናር ዮሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች በጨለማ ውስጥ የሰው መገጣጠሚያዎች ላይ የተደረጉ ጥቂት የብርሃን ነጥቦችን ሲንቀሳቀሱ ብቻ አይተው «ይህ ሰው ነው» ብለው ወዲያው እንደሚለዩ አሳይቷል። ለእኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ፔዳል ላይ ወይም ቁርጭምጭሚት ላይ የታሰረ አንፀባራቂ ከፍ ዝቅ ስለሚል ሹፌሩ «አንድ ነገር አለ» ከማለት አልፎ «ሳይክል ነጂ ነው» ይላል።

መብራት

መብራት የሌላውን እርዳታ አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ብስክሌት ከፊት ነጭ ወይም ቢጫ፣ ከኋላ ደግሞ ቀይ መብራትና ቀይ አንፀባራቂ እንዲኖረው ይላል። ቀለሙ ለጌጥ አይደለም። ቀይ ያየ ሹፌር እየራቀ የሚሄድ፣ ነጭ ያየ ደግሞ ወደ እሱ የሚመጣ ነገር መኖሩን ይረዳል። ከፊት ቀይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት መግጠም እንግዲህ ሹፌሩን ማሳሳት ነው።

ስልክ በእጅ ይዞ መንዳትስ? አንድ እጅ ከፍሬን ላይ ይነሳል፣ ብርሃኑም እየተወዛወዘ የሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። መብራቱ መሪው ላይ ጠብቆ ይታሰር፣ ወደ መንገዱም ትንሽ ዝቅ ይበል።

የመግዣ ገንዘብ ለሚቸግረን ደግሞ የተማርነው ይጠቅመናል። ሁለት ተራ ባትሪዎች ተቀጣጥለው 3 ቮልት ይሰጣሉ። ቀይ ኤል.ኢ.ዲ. ወደ 2 ቮልት ይወስዳል። የቀረውን 1 ቮልት በ20 ሚሊ አምፔር ስናካፍለው 50 ኦም ገደማ የሆነ ሬዚስተር ያስፈልገናል። አንዲት ኤል.ኢ.ዲ. ስለምታንስ ለእያንዳንዷ የራሷን ሬዚስተር እየሰጠን አራት አምስቱን በፓራለል ብናያይዝ ጥሩ የኋላ መብራት ይወጣዋል።

ከመኪና ጎን

መታየት የብርሃን ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የቦታም ጉዳይ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር በግራ በኩል ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ በቀኝ ጎኑ በስፖኪዮም የማያየው ሰፊ ቦታ አለ። መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ደግሞ የኋላ ጎማው የፊቱን መስመር አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። በፊትና በኋላ ጎማው መካከል 6 ሜትር ያለው መኪና የፊት ጎማው በ12 ሜትር ሬዲየስ ቢዞር፣ በፓይታጎረስ ቀመር መሠረት የኋላው የሚዞረው በ10.4 ሜትር ነው። የ1.6 ሜትር ልዩነት ማለት ነው። ያ 1.6 ሜትር ሳይክል የሚቆምበት ቦታ ነው። ስለዚህ መስቀለኛ መንገድ ላይ ከከባድ መኪና በቀኝ በኩል ተሹለክልኮ መግባት አያዋጣም፤ ፍሬቻ ባያበራም ከኋላው መቆየት ይሻላል።

ባጃጅና ታክሲ ተሳፋሪ ለማንሳት በድንገት ወደ ዳር ይወጣሉ። በቆሙ መኪናዎች መካከል ገባ ወጣ ከማለት ቀጥ ባለ መስመር መንዳት፣ ከመታጠፍ በፊትም ዞር ብሎ አይቶ እጅን መዘርጋት ሹፌሩ ቀድሞ እንዲያውቅ ያደርገዋል።

ሸክሙን ሁሉ ሳይክል ነጂው ላይ መጫን ግን ፍትሕ አይደለም። በቁጥሮቹ እንዳየነው በ30 የሚነዳ ሹፌር ጥቁር ለለበሰውም ቢሆን የማቆም ዕድል አለው፤ በ50 ግን የለውም። ምሽት ላይ ፍጥነት መቀነስ፣ ከፊት ሰው ሲመጣ ረጅም መብራትን ማጥፋት፣ ሲቀድሙ ቦታ መተው የሹፌሩ ድርሻ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ብስክሌት የሚቀድም መኪና በከተማ ቢያንስ 1 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ 1.5 ሜትር መራቅ በሕግ ይገደዳል። ከመኪና ስንወርድም በኔዘርላንድስ እንደተለመደው በሩን በሩቁ እጅ መክፈት እንችላለን። በግራ የተቀመጠው ሹፌር በቀኝ እጁ፣ በቀኝ የተቀመጠው ተሳፋሪ በግራ እጁ ሲከፍት ሰውነቱ ስለሚዞር የሚመጣውን ሳይክል ሳይወድ በግድ ያያል።

ማጠቃለያ

ሲጠቃለል፣ ደኅንነታችን የሚወሰነው ሹፌሩ እኛን በሚያይበት ርቀትና ለማቆም በሚያስፈልገው ርቀት መካከል ባለው ልዩነት ነው። የመጀመሪያውን እኛ በመብራትና በአንፀባራቂ እናረዝመዋለን፤ ሁለተኛውን ሹፌሩ ፍጥነት በመቀነስ ያሳጥረዋል። አንዱ ብቻውን አይበቃም።

በመጨረሻ ለዲፓርትመንታችን ሁለት ሐሳብ ላቅርብ። አንደኛ፣ በኤሌክትሮኒክስ ላብ ውስጥ አንዱ የተግባር ሥራ የሳይክል የኋላ መብራት መሥራት ይሁን፤ የተሠራውም ለተማሪው ይሰጥ። ሁለተኛ፣ የማታ ተማሪዎች በሚወጡበት በር ላይ ከባድ መኪኖች የሚለጥፉትን አንፀባራቂ ፕላስተር ገዝተን እየቆራረጥን፣ ነጩን ከፊት ቀዩን ከኋላ፣ የሁሉም ሳይክል ላይ እንለጥፍ። አንድ ጥቅል ለብዙ ሳይክል ይበቃል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሉ የለ! ለማስተባበሩ እኔ ፈቃደኛ ነኝ፤ አብሮኝ የሚሠራ ካለ በዲፓርትመንቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በምለጥፈው ወረቀት ስሙን ይጻፍ።