ስለ አንድ ቃል ልዩ ልዩ ትርጓሜ

የእንግሊዝን ቋንቋ የሚማር ሰው «ሌት» የሚለውን ቃል ፈጥኖ ያውቀዋል። ትርጓሜውም መፍቀድ ወይም መተው ነው፤ ቤትን ማከራየትም በዚሁ ቃል ይነገራል። ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1611 ዓ.ም. በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፥ ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች ለመሄድ አስቦ እንደ ተከለከለ ሲናገር (ምዕራፍ 1 ቍጥር 13) የተጻፈው ይኸው ቃል ነው። መፍቀድና መከልከል በጥንት ዘመን በሁለት ልዩ ልዩ ቃላት ይነገሩ ነበር፤ ኋላ ግን የቃላቱ ድምፅ አንድ ሆነ። እንግዲህ አንዱን ትርጓሜ ብቻ ይዞ የሚያነብ ሰው፥ ሐዋርያው ተፈቀደለት ብሎ ራሱ ይስታል፤ የሚሰማውንም ያስታል።

በእኛም ቋንቋ «አለ» የሚለው ጠብቆ ሲነበብ መኖርን፥ ላልቶ ሲነበብ መናገርን ያሳያል። ስለዚህ፥ ልጆች ሆይ፥ ቃልን ከጎረቤቱ ሳትለዩ አንብቡ፤ ያላስተዋላችሁትንም ለሌላ ለማስተማር አትቸኵሉ።