ከኳሱ በፊት አሠልጣኙ



ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን በጻፈው የመጀመሪያ መልእክቱ በምዕራፍ 9 የክርስቲያንን ሕይወት በሩጫ መስሎ አስተምሯል። በቆሮንቶስ አቅራቢያ በኢስትሚያ ታላቅ የስፖርት ውድድር ይካሄድ ስለነበር፣ ሯጭ ለሚጠፋ አክሊል ሲል ሰውነቱን እንዴት እንደሚገዛ ሰሚዎቹ ያውቁ ነበር። ሐዋርያው ሜዳውን ሳይንቅ፣ ከሚያውቁት ተነሥቶ ወደ ከፍተኛው ምሥጢር መራቸው። እኛም ችግረኛ ወጣቶችን በስፖርት አማካይነት ስለ መምከርና ስለ መደገፍ ጥቂት እንማማር።

በሐዋሳ ከተማ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ፣ በመናኸሪያውና በየአደባባዩ ሊስትሮ የሚሠሩ፣ ሎተሪ የሚያዞሩና ሸክም የሚሸከሙ ልጆች አሉ። ከእነርሱም ሥራ ፍለጋ ከገጠር የመጡ ጥቂቶች አይደሉም። እንዲህ ያለው ልጅ የሚርበው እንጀራ ብቻ አይደለም፤ በስሙ ጠርቶ “ትናንት የት ዋልህ?” የሚለውንም ሰው ይራባል። ወደ ዐውደ ምሕረት ለመቅረብ የሚያፍረው ልጅ ኳስ ወዳለበት ሜዳ ሳያፍር ይመጣል።

በዚሁ ከተማ የታየ ምሳሌ አለን። ስለ ኢትዮጵያ በጻፈው “ሰምና ወርቅ” የተባለ መጽሐፉ የሚታወቀው አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን የጃፓኑ አይኪዶ አሠልጣኝም ነበር። እርሱና ባልንጀሮቹ በሰጡት ድጋፍ የሐዋሳ ወጣቶች የአይኪዶ ማሠልጠኛ አቋቁመዋል። በዚህ ስፖርት ልምምድ አንዱ ሲያጠቃ ሌላው ሳይጎዳው ይመልሰዋል፤ ከዚያም ተራ ይለዋወጣሉ። ቁጣን መግታት በዚህ መንገድ ከቃል አልፎ በአካል ይለመዳል።

ከሐዋሳ ውጭ ደግሞ የአርሲዋን በቆጂ እናስታውስ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበሩት አቶ ስንታየሁ እሸቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ያሸነፈችውን ደራርቱ ቱሉን፣ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ የማራቶን ባለ ድል የሆነችውን ፋጡማ ሮባን፣ እንዲሁም ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው አሠልጥነዋል። የከተማዋ ልጆች ሁሉ ግን ሻምፒዮን አልሆኑም፤ ሊሆኑም አይችሉም። ለሁሉም የደረሰው በረከት በየጊዜው ሜዳ ላይ የሚጠብቃቸው ሰው መኖሩ ነው።

ከዚህ በመነሣት ለሰበካ ጉባኤያት አራት ነገሮችን እንመክራለን።

አንደኛ፣ ከኳስና ከማሊያ በፊት አሠልጣኙ ይመረጥ። ዝነኛ ተጫዋች መሆን አያስፈልገውም፤ ቃሉን የሚጠብቅ፣ የማይሳደብና የማይማታ ይሁን። ከልጅ ጋር ብቻውን እንዳይሆን ሁልጊዜ ሁለት አዋቂዎች ይገኙ።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱ ከልጆቹ ኑሮ ጋር ይስማማ። የዕለት ገቢያቸውን የሚያሳጣ ወይም ከቅዳሴ ጋር የሚጋጭ ልምምድ አይጸናም። በጾም ወራትም ልምምዱ ይቅለል።

ሦስተኛ፣ ችሎታ የሌለው አይጣል። ዳኝነት፣ ነጥብ መያዝ፣ ዕቃ መጠበቅ የሚሰጠው ልጅ እምነት እንደ ተጣለበት ያውቃል።

አራተኛ፣ ሜዳው ለሁሉም ይከፈት። ሐዋሳ የብዙ ሃይማኖት ተከታዮች ከተማ ናት። ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ከማንሣቱ በፊት ስለ ወገኑ አልጠየቀም።

እኛ የፕሮጀክት ሠራተኞች ብዙ ጊዜ የምንፈተነው የተገዛውን ኳስ በመቁጠር ነው። መቁጠር የሚገባን ግን ባለፈው ሳምንት ቀርቶ በዚህ ሳምንት የተመለሰውን ልጅ፣ ሲቀርም ማን ሄዶ እንደ ፈለገው ነው። በጀት ሲያልቅ አሠልጣኙ ድንገት ቢጠፋ፣ አንድ ጊዜ የተተወውን ልጅ ዳግመኛ ተውነው ማለት ነው። ስለዚህ ልንጸናበት የማንችለውን ባንጀምረው ይሻላል፤ ከጀመርን ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ ቢሆን ሳናቋርጥ እንገኝ።

ለውይይት፦
1. በአጥቢያችን ልጆች የሚያከብሩት፣ ቃሉንም የሚጠብቅ ማን አለ?
2. እርሱ ቢታመም ወይም ከከተማ ቢወጣ ማን ይተካዋል?
3. ልጅ በሜዳ ላይ ችግሩን ሲነግረን ወደ ማን እንወስደዋለን?

የጠፋውን በግ የፈለገ ቸር እረኛ አገልግሎታችንን ይባርክልን፤ አሜን።