ጾሙ ሲፈታ ጠባያችንስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሥጋው፣ ወተቱ፣ ቅቤውና እንቁላሉ ከቤታችን ወጥቷል። መልካም ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ የትንሣኤ ዕለት ዶሮው ሲቀርብ ከጾሙ ምን ይተርፈናል? ቁጣችን፣ ሐሜታችንና ቂማችን እንደነበሩ ካሉ የጾመው ሆዳችን ብቻ ነው ማለት ነው።

ይህን የምለው ከእናንተ ተሽዬ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ጾም ቀድሼ፣ ሥጋ ወደሙን ተቀብዬ ወደ ቤት ገባሁ። ነጠላዬ ገና ዕጣን ዕጣን ይሸታል። ምሳው አልደረሰም ብዬ እናቴ ላይ ጮኽኩባት። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ «ልጄ፣ እኔም እኮ እህል አልቀመስኩም፤ አንተን ስጠብቅ ነው» አለችኝ። እግሯ ሥር ወድቄ ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚታገሥ ሆድ ነበረኝ፤ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» የሚል አንደበት ግን አልነበረኝም።

ወገኖቼ፣ ጠባይ በአንድ ቀን አይለወጥም። ቅዱስ ጳውሎስ ፍቅርን፣ ትዕግሥትን፣ የውሃትን የመንፈስ ፍሬ ብሎ ይጠራቸዋል (ገላ. 5፥22)። ፍሬ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይበስልም። በአብነት ትምህርት ቤት ውዳሴ ማርያምን በቃላችን ስንይዝ የኔታ የሰኞውን ሳናጠና ወደ ማክሰኞው አያሳልፉንም ነበር። ጥቂት ጥቂት እያልን ሳምንቱን ሙሉ ያዝነው። የክርስትና ጠባይም እንዲሁ ነው።

ብዙዎቻችን ግን በዘወረደ መቶ ስግደት እንጀምርና ምኩራብ ላይ ስንደርስ ሁሉንም እንተዋለን። የጾሙ ስድስተኛ እሑድ ገብር ኄር ነው። ጌታው ያመሰገነው ባለ አምስቱን መክሊት ብቻ አይደለም፤ ባለ ሁለቱም እኩል ተመስግኗል (ማቴ. 25)። የተመሰገኑት በጥቂቱ ስለታመኑ ነው። የተወቀሰው አንዱን መክሊት የቀበረው ነው።

ታዲያ ከየት እንጀምር?

1ኛ. ከጸሎት። ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ማድረስ ካልቻላችሁ ጠዋትና ማታ አታስታጉሉ። አቡነ ዘበሰማያትና የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ይኑራችሁ። ስልኩን ከመንካታችሁ በፊት ይሁን።

2ኛ. ከአንደበት። የሰው ስም ሲነሣ አፋችንን ከመክፈታችን በፊት እናማትብ። ስትናደዱ በልባችሁ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በሉ። ያቺ አጭር ጊዜ ስንቱን ጠብ ታስቀራለች!

3ኛ. ከምጽዋት። ሳንበላ የቀረነው የቁርስ ገንዘብ የእኛ አይደለም፤ የተራበው ወንድማችን ነው። ኪሳችን ውስጥ ከቆየ ጾሙ ቁጠባ ሆነ ማለት ነው።

4ኛ. ማታ ራስን ከመመርመር። ከመተኛታችሁ በፊት «ዛሬ ማንን አሳዘንኩ?» በሉ። መልሱን ይዛችሁ ሰውየውን ይቅርታ ጠይቁ፤ ለንስሐ አባታችሁም ንገሩ። ጌታችን መባውን ትቶ መጀመሪያ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ አዝዟልና (ማቴ. 5፥23-24)።

ይህን ሁሉ በጉልበታችን ብቻ አንችለውም። የምንበረታው በንስሐ ታጥበን ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን ስንቀበል ነው። ብትወድቁም «እኔማ አልሆነልኝም» ብላችሁ አትተዉት። መጻጉዕ 38 ዓመት ተኝቶ ቆይቶ ተነሥቷል (ዮሐ. 5)።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ አንድ ሰው አስቡ። የተኳረፋችሁትን፣ ስልኩን የማታነሡለትን። ትንሣኤን አትጠብቁ፤ ዛሬ ማታ ደውሉለት። እናቴ እንኳን ሦስት ቀን ጠበቀችኝ፤ ሁሉም ሰው ግን እስክንመለስ ላይቆየን ይችላል።

የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር