ዕቃን ገልጾ ስለ መጻፍ፦ አሮጌ የወርቅ የእጅ ሰዓት

ገላጭ ድርሰት አንድን ነገር አንባቢው በዓይኑ ያየው ያህል እንዲያውቀው አድርጎ የሚያቀርብ ጽሑፍ ነው። ዕቃን የሚገልጽ ጸሐፊ ሦስት ጥያቄዎችን በተራ መመለስ ይገባዋል። እነርሱም፦ ዕቃው ምን ይመስላል? እንዴት ይሠራል? ሰዎች ስለ ምን ይፈልጉታል? የሚሉት ናቸው። ብዙ ጀማሪዎች የመጀመሪያውን ብቻ መልሰው ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ። ስለዚህ ድርሰታቸው የዕቃውን መልክ እንጂ ዋጋውን አያስረዳም። ለምሳሌ እንዲሆነን ክሮኖግራፍ የተባለውን አሮጌ የወርቅ የእጅ ሰዓት እንውሰድ።

ሀ. መልኩ

በአያት ሰፈር የሚኖር አንድ ተማሪ አያቱ ስላወረሱት ሰዓት እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦ «የአያቴ ሰዓት የወርቅ ነው። ክብና የሚያምር ነው። ብዙ ገንዘብ ያወጣል።» የሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ስለ ማንኛውም የወርቅ ሰዓት ሊነገር የሚችል ነው። ተማሪው ሰዓቱን ደጋግሞ ከተመለከተ በኋላ እንዲህ አሻሻለው፦ «የአያቴ ሰዓት አካሉ ባለ 18 ካራት ወርቅ ነው። ነጭ የነበረው ገጹ በዕድሜ ብዛት የዝሆን ጥርስ መልክ ይዟል። በገጹ ላይ ሁለት ትናንሽ ክቦች አሉ፤ በቀኝ ጎኑም ከመሙያው በላይና በታች ሁለት ቁልፎች ይታያሉ። በጀርባው የተቀረጸው የአያቴ ስም ግን ሊጠፋ ተቃርቧል።» አሁን ይህን ሰዓት ከሌላው ለይተን ልናውቀው እንችላለን።

ለ. አሠራሩ

ክሮኖግራፍ የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «ጊዜን የሚጽፍ» ማለት ነው። ስሙ ያለ ምክንያት አልተሰጠውም። ፈረንሳዊው ሰዓት ሠሪ ሪዮሴክ እ.ኤ.አ. በ1821 በፓሪስ የፈረስ እሽቅድምድም የለካበት መሣሪያ በገጹ ላይ ቀለም እያንጠበጠበ ጊዜውን ምልክት ያደርግ ነበር። ኋላ የመጣው የእጅ ሰዓት ቀለም የለውም። የላይኛውን ቁልፍ ሲጫኑት ረጅሙ የሰከንድ ቆጣሪ ይነሣል፤ ዳግመኛ ሲጫኑት ይቆማል፤ የታችኛውን ሲጫኑት ወደ መነሻው ይመለሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰዓቱ የዕለቱን ጊዜ መቍጠሩን አያቋርጥም። በእንጦጦ ኮረብታ ሯጮችን የሚያሠለጥን ሰው ዛሬ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚለካውን፣ ይህ ሰዓት በሞላና በጥርሳም ተሽከርካሪዎች ብቻ ይለካው ነበር።

ሐ. ተፈላጊነቱ

ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ሰዓት የሚፈልጉት ስለ ወርቁ ይመስላችኋልን? ማስረጃውን ተመልከቱ። ፓቴክ ፊሊፕ የተባለው የስዊስ ድርጅት ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 1518 በሚል ቍጥር የሚታወቀውን፣ የቀን መቍጠሪያ ያለውን ክሮኖግራፍ 281 ያህል ሠርቷል። አብዛኞቹ የወርቅ ናቸው፤ ከማይዝግ ብረት መሠራታቸው የታወቀው ግን 4 ብቻ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በኅዳር 2009 ዓ.ም. በጄኔቭ ከተማ በጨረታ 11 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ አወጣ። ይህም እስከዚያ ቀን ለማንኛውም የእጅ ሰዓት በጨረታ ከተከፈለው ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ብረቱ ወርቁን የበለጠው ብርቅ በመሆኑ ነው።

ሌላው ምክንያት ታሪክ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1947 ዓ.ም. ስዊስን ሲጎበኙ እንደ ተበረከተላቸው የሚነገርለት የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት ክሮኖግራፍ አይደለም፤ ዕለትን፣ ወርንና የጨረቃን መልክ የሚያሳይ ነው። በ2008 ዓ.ም. በጄኔቭ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል ከንጉሠ ነገሥቱ ቤተ ሰብ የባለቤትነት ጥያቄ ስለ ተነሣ ከጨረታው ወጣ። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ግን ወደ 3 ሚሊዮን በሚጠጋ የስዊስ ፍራንክ ተሸጠ። ወርቁ ቢቀልጥ የዚህን ዋጋ ጥቂት ክፍል እንኳ አያወጣም። ክርክሩም ሆነ ዋጋው የመጣው ሰዓቱ የማን እንደ ነበረ በመታወቁ ነው።

እንግዲህ በቤታችሁ ሣጥን ውስጥ አሮጌ ሰዓት ቢገኝ በሚዛን ለወርቅ አንጥረኛ ለመሸጥ አትቸኩሉ። እንዲያብረቀርቅም አታስፍቁት፤ ከወርቁ ጋር የተቀረጸው ስም ይፋቃልና። ማን እንደ ገዛው፣ መቼና ከየት እንደ መጣ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉ። ወርቁ ቢሰረቅ በገንዘብ ይተካል፤ ያልተጻፈ ታሪክ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ልብ በሉ፦ ሦስተኛውን ጥያቄ ስንመልስ «ሳይሆን»፣ «እንጂ»፣ «ምንም እንኳ … ቢሆንም» የሚሉት ማነጻጸሪያዎች ይረዱናል። ምሳሌ፦ ሰብሳቢው የከፈለው ለብርቅነቱ እንጂ ለወርቁ አይደለም።

መልመጃ

1. የተማሪው ሁለተኛ ጽሑፍ ከመጀመሪያው የሚሻልባቸውን ሦስት ነጥቦች ጥቀሱ።
2. «ሳይሆን» እና «ምንም እንኳ … ቢሆንም» የሚሉትን እያገባችሁ ስለ ሰዓቱ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሥሩ።
3. በቤታችሁ ካለ አሮጌ ዕቃ አንዱን መርጣችሁ፣ ታሪኩን ከሚያውቅ ሰው ጠይቃችሁ፣ ሦስቱን ጥያቄዎች የሚመልስ ድርሰት በሦስት አንቀጽ ጻፉ።