ኃይለኛው አውራ ዶሮ

ምንባብ

የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ በኮረብታዎች ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በብዙ መኖሪያ ቤቶች ጓሮ ዶሮዎች ሲጭሩ ይታያሉ። የከተማው ምክር ቤትም በ2006 እ.ኤ.አ. በከተማው ውስጥ የሚረቡ እንስሳትን የሚመለከት ደንብ አውጥቷል። በሉጋንዳ ቋንቋ ዶሮ «ኤንኮኮ» ትባላለች። በቡጋንዳ ባህል፣ በጋብቻ ሥርዓት ላይ ለሙሽራይቱ ወንድም የሚሰጠው አውራ ዶሮ ከፍ ያለ ክብር አለው።

ይሁን እንጂ ይህ የተከበረ እንስሳ አንዳንድ ጊዜ ለቤተ ሰቡ ሥጋት ይሆናል። እንቁላል ለመልቀም ጎንበስ ያለ ሕፃን ፊቱ ከአውራው ምንቃር ጋር ትክክል ነው። በምንቃሩ የነቆረው ወይም ከቅልጥሙ ኋላ በበቀለው ሹል የወጋው እንደ ሆነ ዓይን ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ነገሩ በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

የአውራ ዶሮ ጠባይ በካምፓላም ሆነ በአዲስ አበባ አንድ ነው። በመንጋው ውስጥ ማን ቀድሞ እንደሚበላና ማን ለማን እንደሚለቅ የሚወስን የማዕረግ ተራ አለ። ይህንንም ቶርሌይፍ ሼልደሩፕ ኤበ የተባለው የኖርዌይ ሊቅ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በጥናቱ ገልጾታል። አውራው አምስትና ስድስት ወር ሲሞላው ለአካለ መጠን ይደርሳል፤ ሴቶቹንም ከጭልፊትና ከሌላ ጠላት መጠበቅ ይጀምራል። ሰውን እንደ ጠላት ወይም እንደ ተቀናቃኝ በቆጠረ ጊዜ ይዋጋዋል። እንግዲህ ጠቡ ከጠባቂነቱ የሚመነጭ እንጂ ከክፋት የመጣ አይደለም።

አውራው ከመዋጋቱ በፊት ምልክት ያሳያል። የአንገቱን ላባ ያቆማል፤ አንድ ክንፉን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ በጎን ይራመዳል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰዎች ወይ በዱላ ይመቱታል፤ ወይ ይሸሻሉ። ሁለቱም አይበጁም። የተመታ አውራ ሰውየውን ተፋላሚው አድርጎ ያየዋል። ሰው በሸሸ ቁጥር ደግሞ ማሸነፍን ይለምዳል።

የሚሻለው መንገድ ትዕግሥት ነው። ወደ ዶሮዎቹ የሚገባ ሰው ቦቲ ጫማ ያድርግ፤ ሳይጣደፍ ይራመድ። አውራው ቢመጣ ጀርባውን ሳይሰጥ ባለበት ይቁም፤ በያዘው ሳፋ ወይም ጣውላ እግሩን ይከልል። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ጥሬ ይዞ ቢገባ አውራው ሰውን ከምግብ ጋር ማያያዝ ይማራል። በጠባብ ቦታ ብዙ አውራዎችን ማኖርም ጠብን ያበዛል፤ ለአሥር ያህል ሴት ዶሮዎች አንድ አውራ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻሻለ፣ ሕፃናት ባሉበት ቤት አውራውን ማስወገድ ተገቢ ነው። ኃይለኛነት በከፊል በዘር ስለሚተላለፍ ለእርባታ አይመረጥም። አንዳንዶች «አውራ ከሌለ እንቁላል ይቀራል» ብለው ይሠጋሉ፤ ነገር ግን ሴት ዶሮ ያለ አውራ እንቁላል ትጥላለች፤ አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ለመፈልፈል ብቻ ነው። የተወጋ ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና ይጠብ፤ ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወይም ዓይን ከተነካ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፣ አውራው ላባውን ባቆመበት ቀን ያልታሰበበት ጉዳይ ዓይን ከጠፋ በኋላ ቢታሰብበት አይጠቅምም።

መልመጃ

ሀ. በምንባቡ መሠረት መልሱ።
1. አውራ ዶሮ ሰውን የሚዋጋው ስለ ምንድን ነው?
2. መምታትም መሸሽም የማይበጁት ለምንድን ነው?
3. አውራው የሚወገደው መቼ ነው? በዚህ ትስማማላችሁ? ምክንያታችሁን ግለጹ።

ለ. የሚከተሉትን ቃላት በዓረፍተ ነገር አስገቡ።
ተቀናቃኝ፣ ሥጋት፣ ጠባቂነት፣ ትዕግሥት