ጉና ላይ ከውሻ ጋር

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ታቦር ነው። በጳጉሜን ውሻዬን አስከትዬ ጉና ተራራ ላይ ሁለት ሌሊት ላድር አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጳጉሜን ይለፍ፤ ጭጋጉ አይገፈፍም፣ ጭቃውም አይጠጥርም። ከመስቀል በኋላ ይሻላል። ጉና ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱ ለውሻም ይከብዳል። ደረቅ ጆንያ ያንጥፉለትና ድንኳን ውስጥ ያሳድሩት፤ ጅብ ውሻ አይምርም። የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ ነውና ውሃ አይቸግርዎትም፤ ሐይቅ ካማረዎት ግን ወደ ጣና ይውረዱ።

ከሁሉ የሚብሰው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን የፈጀው ከውሻ የተዛመተ ይኸው በሽታ ነበር። ስለዚህ ከጉዞው አንድ ወር ቀደም ብለው ያስከትቡት። በግ ባዩ ቁጥር ገመዱን ጠበቅ ያድርጉ፤ የእረኛ ዱላ ይሉኝታ የለውም። ካልተከተበ ግን ቤት ይቅር።