በማን ክንድ? የጥንት ግብጽን ታሪክ ለልጆች በእጅ ሥራ ስለ ማስተማር

ከመካከላችን ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ፣ አንዳንዶችም ገና ሳይጨርሱ፣ በልጆች ፊት ጠመኔ ይዘው መቆማቸው አይቀርም። እኛም ለማስተማር ልምምድ በተላክንበት ትምህርት ቤት ለአምስተኛ ክፍል ልጆች የጥንት ግብጽን ታሪክ እንድናስተምር ታዘዝን። ልጆቹ ትምህርቱን ቀድመው ያውቁት ኖሯል። «ፒራሚድ ምንድር ነው?» ስንል በአንድ ድምፅ «የፈርዖኖች መቃብር!» አሉ። «የትልቁስ ቁመት ስንት ነበረ?» ስንል «146 ሜትር!» አሉ። ይህ ከሰንደቅ ዓላማው ዘንግ በምን ያህል እንደሚበልጥ ብንጠይቅ ግን ሁሉም ዝም አለ። አንዱ ብቻ «በጥቂቱ» ሲል መለሰ።

ስለዚህ መጽሐፉን አስቀምጠን ከክንድ ጀመርን። ግብጻውያን ርዝመትን የሚለኩት በክንድ፣ በጋትና በጣት ነበር፤ እነዚህንም ስሞች ልጆቹ ከየቤታቸው ያውቋቸዋል። ሁለቱ የክፍሉን ርዝመት በየክንዳቸው እንዲለኩ አደረግን። ረጅሙ ልጅ 16 ክንድ ሲያገኝ አንዲት ትንሽ ልጅ 20 አገኘች። ክፍሉ ተንጫጫ። ተሳስታለች ስላሏት ደግማ ብትለካም ያው 20 ሆነ። በዚህ ጊዜ እኛ ዝም ማለት ነበረብን፤ ይህም ለመምህር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የሞከረው ያውቀዋል። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ፣ «ታዲያ የንጉሡ ግብር ሰብሳቢ እርሻውን የሚለካው በማን ክንድ ነው?» ሲል ጠየቀ።

ልንናገረው ያሰብነው ሁሉ በዚህ ጥያቄ ውስጥ ነበረ። የዓባይ ሙላት የእርሻውን ወሰን ስለሚያጠፋው መሬቱ እንደገና በገመድ ይለካ ነበር። በሉክሶር ባለው በመና መቃብር ግድግዳ ላይ ገመድ ዘርግተው የእህል ማሳ የሚለኩ ሰዎች ተሥለው ይገኛሉ። ልኩም ለሁሉ አንድ እንዲሆን 7 ጋት ወይም 28 ጣት ያለው የንጉሥ ክንድ ተወሰነ፤ ይኸውም 52 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ነው። ልጆቹ በዚህ ልክ ሸምበቆ ቆርጠው፣ ጋቱንና ጣቱን በቢላዋ ምልክት አደረጉበት። ክፍሉን ሲለኩት አሁን ለሁለቱም 14 ክንድ ሊሞላ ጥቂት ቀረው።

በማግሥቱ ወደ ሜዳ ወጣን። የኩፉ ፒራሚድ አንዱ ጎን 440፣ ቁመቱ 280 ክንድ ስለ ነበረ አሥረኛውን ወስደን 44 ክንድ ገመድ ለካንና በአራት ችካል ዘረጋነው። አራቱም ጎኖች እኩል ሳሉ ቅርጹ ተንጋደደ። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አቋርጠው ሲለኩ አንዱ ከሌላው በለጠ፤ ሁለቱ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ችካሉን ሦስት ጊዜ ነቀሉት። የእውነተኛው ፒራሚድ ጎኖች እያንዳንዳቸው 230 ሜትር ሆነው ሳለ ልዩነታቸው ከ25 ሳንቲ ሜትር እንደማይበልጥ የነገርናቸው ከዚህ በኋላ ነው። አስቀድመን ብንነግራቸው ኖሮ ምንም ባልመሰላቸው ነበር። በዚህ አሥረኛ ልክ እንኳ ቁመቱ 28 ክንድ ነው፤ የሰንደቅ ዓላማው ዘንግ የዚህን ግማሽ አልደረሰም።

ዲሬክተሩ ከቢሮአቸው ወጥተው፣ «ፈተናው የሚጠይቀው የነገሥታቱን ስም ነው፤ እናንተ ገመድ ታስጎትታላችሁ» አሉን። እውነት አላቸው፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሄዶብናል፣ የነገሥታቱንም ዝርዝር አልጨረስንም። ከእኛም ውስጥ በዚህ ነገር ከእርሳቸው ጋር የተስማሙ አሉ። የቀረነው ግን ዝርዝሩን በቤት ሥራ ማጥናት ይቻላል፣ የተንጋደደ ካሬ ግን በቤት ሥራ አይታረምም እንላለን።

የሒሳብ መምህሩን ለማስደሰት የግብጻውያንን ማባዣ ጨመርን። 13 ጊዜ 24ን ለማግኘት 24ን እያጠፉ መሄድ ነው፤ 1 ጊዜ 24፣ 2 ጊዜ 48፣ 4 ጊዜ 96፣ 8 ጊዜ 192። 1፣ 4 እና 8 አንድ ላይ 13 ስለሚሆኑ 24፣ 96 እና 192 ተደምረው 312 ይመጣል። በጠጠር ቢሠራ ደካማው ተማሪ እንኳ ይከተለዋል።

ደንገል በሚገኝበት አገር የሚመደቡ ጓደኞቻችን ወረቀትም ይሞክሩ። ግብጻውያን የጻፉበት ፓፒረስ የጣና ታንኳ ከሚሠራበት ደንገል ጋር አንድ ተክል ነው። ልጡን አንሥቶ ውስጡን በስሱ መሰንጠቅ፣ በአግድምና በቁም ደራርቦ መቀጥቀጥ፣ በድንጋይ ተጭኖ ማድረቅ ነው። የእኛው ሻገተ፤ በመካከሉ የሚያስቀምጡትን ደረቅ ጨርቅ በየቀኑ መለወጥ ነበረብን። ለመለኪያውም ጤዛ የነካው ገመድ አይያዝ፤ ልኩ ይዛባል።